ጭንቅላቴን የያዘው በረኛ

ያን ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ስፖርት እማራለሁ፤ በኮሌጁ ቡድን ደግሞ አስር ቁጥር ለባሽ አማካይ ነበርኩ። ኳስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ተከላካይ ኳስ ሲያገኝ ቀና ብሎ የሚፈልገው እኔን ነው፤ አጥቂም የሚሮጠው እኔ ወደማስብበት ቦታ ነው። ሜዳ ውስጥ ማን መቼ እንደሚሄድ፣ ጨዋታው መቼ እንደሚፈጥንና መቼ እንደሚረጋ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ከሜዳ ውጭም ነገሩ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲመክረኝ እሰማለሁ እንጂ አላዳምጥም።

አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስላረፈ ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ታደሰ ናቸው። መካነ ሰላም ገበያ ላይ እህል ይነግዳሉ። ቁጡና ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ኳስ ለእሳቸው የሥራ ፈት ነገር ነበር፤ በኋላ ግን ገበያተኛው “የሙሉቀን አጎት” እያለ ሰላም ይላቸው ጀመርና ቀስ በቀስ ሜዳ ዳር መቆም ለመዱ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከሁሉም ራቅ ብለው ያያሉ፤ ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤት ይሄዳሉ።

በጥር ለዕረፍት ወደ መካነ ሰላም ስመጣ የከተማችን ቡድን ከአቀስታ ቡድን ጋር እሑድ ሊጫወት ተቀጥሮ አገኘሁት፤ እኔም እንድሰለፍ ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት አቀስታ ላይ የተደረገው ጨዋታ በጠብ ነበር ያለቀው፤ የእኛ ልጆች በድንጋይ ተሸኝተው ነው የተመለሱት። ስለዚህ ከተማው ለዚያ እሑድ ጥርሱን ነክሶ ነበር የቆየው። እኔ የማስበው ግን ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ሰው እንደሚመጣ፣ የሚመጣውም እኔን ሊያይ እንደሆነ የኮሌጁ አሰልጣኝ በስልክ ነግሮኛል። ጠዋት ሜዳ ስደርስ ኮፍያ ያደረገ የማላውቀው ሰው ከዳኞቹ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል።

ጨዋታው ከረር ያለ ነበር። አቧራው፣ ጩኸቱ፣ የጥር ፀሐይ። ሕዝቡ በመስመሩ ላይ ቆሞ ከተጫዋቹ ጋር ይገፋፋል። የአቀስታ በረኛ ረጅምና ቀጭን ልጅ ነው፤ ሰይድ ይባላል፤ የላክሁትን ኳስ ሁሉ ከአየር ላይ ይለቅማል። አንድ ለአንድ ሆነን ወደ መጨረሻው ስንቃረብ የማዕዘን ምት አገኘን። እንደ ወትሮው የምመታው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ኳሱን ለጓደኛዬ ትቼ ራሴ ወደ ግቡ ሮጥኩ። ያ ባለኮፍያ ሰው ጎል ሳገባ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው።

ኳሱ ከፍ ብሎ መጣ። ዘለልኩ። ሰይድም ሊመታው ቡጢውን ጨብጦ ወጣ። ሁለታችንም ዓይናችን ኳሱ ላይ ነበር። ቡጢውና ጭንቅላቴ ተገናኙ፤ እግሬ ወደ ላይ ሄደ፤ የደረቀ መሬት ላይ በአናቴ ወደቅሁ። ከአንገቴ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሕመም አልነበረውም። የሚገርመኝ እሱ ነው፤ ምንም ሕመም አልነበረውም።

ሰማዩን አየሁ። ጥርት ያለ ነው። ልነሳ አልኩ፤ አልተነሳሁም። እጄን ላነሳ አሰብኩ፤ እጄ የት እንዳለ ጠፋኝ። እግሬንም ፈለግሁት፤ የለም። ከአንገቴ በታች ያለው ሰውነቴ በሙሉ ሌላ ሰው ወስዶት የሄደ ያህል ነበር። ከዚያ የሰው እግር ኮቴ ከየአቅጣጫው ወደ እኔ ሲመጣ ሰማሁ። አንዱ በብብቴ ሥር እጁን አስገብቶ ሊያነሳኝ ጀመረ።

“አትንኩት” አለ አንድ ድምፅ። “ማንም እንዳይነካው።”

ሁለት ጓንት ያደረጉ እጆች ጭንቅላቴን ከግራና ከቀኝ ያዙት። ሰይድ ከራስጌዬ ተንበርክኳል። ፊቱን ያየሁት ተገልብጦ ነው፤ አገጩ ከላይ፣ ዓይኖቹ ከታች። ቀኑን ሙሉ ያየሁት በዚያው መልኩ ነው።

“ስምህ ማነው?” አለኝ።

“ሙሉቀን።”

“ሙሉቀን፣ አብሽር። ነርሲንግ ነው የምማረው፤ የማደርገውን አውቃለሁ። ጭንቅላትህን እኔ ይዤዋለሁ፤ አንተ እንዳትነቀንቀው። የምትለኝን በአፍህ ብቻ በለኝ።”

“እግሬ የለም” አልኩት።

“አለ። እያየሁት ነው።”

በዚህ መሀል ከኋላ አንድ ሰው “ገደለው” ብሎ ጮኸ። ያ ቃል በሜዳው ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይሰማኛል። አንዱ ሆን ብሎ ነው አለ፤ ሌላው ከአቀስታ የመጡት ለዚሁ ነው አለ። ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። የአቀስታ ልጆች ወደ መኪናቸው ሲሮጡ የታኬታቸውን ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ጓደኛቸው “ሰይድ፣ ና፣ ልቀቀው፣ ና” እያለ ደጋግሞ ጠራው። ሰይድ ቀና ብሎም አላየውም። የሚኒባሱ ሞተር ተነሣ፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ፤ ጠፋ። እሱ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብቻውን ቀረ።

አንድ ድንጋይ ጀርባው ላይ አረፈ። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ትንፋሹም ፊቴ ላይ ሲወጣ ተሰምቶኛል። እጆቹ ግን አልተንቀሳቀሱም።

አጎቴ ሕዝቡን እየጣሱ መጡ። ከዘራቸው ከበላዬ ከፍ ብሎ ታየኝ።

“እጅህን ከልጄ ላይ አንሳ” አሉት።

“ጋሼ፣ አንገቱ ተጎድቷል። ብለቀው ይሞትብዎታል” አለ ሰይድ። “ከፈለጉ እንደያዝኩት ይምቱኝ።”

ከዘራው በአየር ላይ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። አጎቴ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩት። ከዘራውን አወረዱት፤ ግን አልተሸነፉም። ዘወር ብለው ጋሽ ይመርን ጥሩልኝ አሉ።

ጋሽ ይመር የከተማው ወጌሻ ናቸው። ሕፃን ሆኜ የወለቀ ቁርጭምጭሚቴን፣ ኋላም ትከሻዬን የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው፤ በአካባቢው የእሳቸው እጅ ያልዳሰሰው ተጫዋች የለም። ጨዋታውን ሊያዩ መጥተው ስለነበር ወዲያው ደረሱ። ቅቤ ይምጣልኝ አሉ። ሕዝቡ እፎይ ሲል ተሰማኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እፎይ አልኩ። የማውቃቸው ሰው መጡ። ሰይድ ግን አንገት እንደ ክንድ አይታሽም፣ ውስጡ ያለው የነርቭ ሥር ከተቆረጠ አይመለስም፣ ሆስፒታል ይወሰድ ብሎ ለመናቸው። ጋሽ ይመር ተቆጡ። አንተ ሳትወለድ ስንት አንገት መልሻለሁ አሉት። አጎቴ ደግሞ፣ ደሴ እስኪደርስ ይሞታል፣ እዚሁ ይታይ አሉ። ሦስቱ በእኔ ላይ ዘንበል ብለው ሲከራከሩ፣ ሌሎቹም ገሚሱ ይታሽ፣ ገሚሱ ይወሰድ ሲሉ፣ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየሁ ነው።

በመጨረሻ ሰይድ ወደ እኔ ዝቅ አለ። “አካሉ የአንተ ነው” አለኝ። “አንተ ንገራቸው።”

በሜዳ ውስጥ ስንቱን ስወስን የኖርኩ ሰው ያን ጊዜ መወሰን አቃተኝ። በአንድ በኩል ያሳደጉኝና ያዳኑኝ ሽማግሌዎች፤ በሌላ በኩል ከአፍታ በፊት በቡጢው ያወደቀኝ፣ ከስሙ በቀር ምኑንም የማላውቀው ልጅ። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጓደኞቹ ጥለውት ሄደዋል፤ በድንጋይ ተመቷል፤ ከዘራ ተነሥቶበታል፤ እጆቹ ግን አንድ ጊዜም አልተነቃነቁም።

“ጋሽ ይመር” አልኩ፤ “ይቅር ይበሉኝ። አይንኩኝ። እሱ ይያዘኝ።”

ሽማግሌን እንዲህ ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ጋሽ ይመር ቅቤውን ለሰጣቸው ሰው መለሱለት። ከዚያ ጋቢያቸውን አወለቁና ለሁለት ጠቅልለው በግራና በቀኝ ጆሮዬ አጠገብ፣ ከሰይድ እጅ ውጭ ባለው በኩል አደረጉት።

“እንግዲህ ራሱ ብሏል” አሉ። “ከያዝከው አጥብቀህ ያዝ።”

ሜዳው አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት የተነቀለ የመጋዘን በር መጣ። ሰይድ ማን የት እንደሚይዝ አዝዞ፣ ሁሉም በአንድ ቃል እንዲያነሱ አድርጎ በበሩ ላይ አሳረፈኝ። ከአፍታ በፊት ድንጋይ ሲወረውሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው ተሸክመው ወደ ሆስፒታል የወሰዱኝ። ወጣቱ ሐኪም መርፌ ይዞ ከእግሬ ጀምሮ እየወጋ ይሰማሃል ወይ አለኝ። አይሰማኝም። ወደ ሆዴ መጣ፤ አይሰማኝም። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ተሰማኝና ደስ አለኝ፤ የሐኪሙን ፊት ሳይ ግን ደስታው ጠፋ። ዛሬውኑ ደሴ መድረስ አለበት አለ። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ለማምጣት ገጠር ወጥቶ ነበር። የገበያው ሹፌር ካሳው የራሱን ሚኒባስ ወንበሮች ነቅሎ መጣ። ሐኪሙ የአንገት ድጋፍ አሠረልኝና፣ ለዚህ መንገድ ግን ድጋፉ ብቻውን እንደማይበቃ፣ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው በእጁ መያዝ እንዳለበት ተናገረ። አብራን የምትሄደው ነርስ እየተቀያየርን እንይዛለን አለች። ሰይድ ጭንቅላቱ የሚነቃነቀው ስንቀያየር ነው ብሎ እምቢ አለ።

በመንገዱ ስንሄድ ያየሁት የመኪናውን ጣሪያና የተገለበጠ ፊት ብቻ ነው። መንገዱን የማውቀው በጆሮዬ ነበር። ጠጠሩ ከሥራችን ሲፈነጠር፣ ፍሬኑ ሲያፏጭ፣ ካሳው ጉድጓድ ሲያይ “መጣ” ሲል። “መጣ” ባለ ቁጥር የሰይድ እጆች ይጠብቃሉ፤ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ መኪናው ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ከዚያ ሁላችንም አብረን እንተነፍሳለን። ከዚህ ሁሉ የከፋው አቧራው ነበር። በመስኮቱ ክፍተት እየገባ አፍንጫዬን ሞላው፤ ማስነጠስ መጣብኝ። ማስነጠስ ሰውን ይገድላል ብሎ ማን ያስባል? ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ሰይድ ገባው። በምላስህ ላንቃህን ግፋ፣ በአፍህ ቀስ ብለህ ተንፍስ አለኝ። ነርሷ ነጠላዋን በውኃ ነክራ አፍንጫዬ ላይ አደረገችልኝ። ማስነጠሱ መጥቶ መጥቶ ተመለሰ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አጎቴ ከጎኔ ተቀምጠዋል። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር የሰይድ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ንዝረቱ በጆሮዬ በኩል ይሰማኛል። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። አጎቴ ለጥቂት ጊዜ ሲያዩት ቆይተው በደረታቸው ወለሉ ላይ ተኙና ትከሻቸውን ከክንዶቹ ሥር አስገቡ። ሰይድ ክርኖቹን በእሳቸው ትከሻ ላይ አሳረፈ። እነሱ እንደዚያ እንዳሉ ብዙ መንገድ ሄድን። በከዘራ ሊመቱት የተነሡት ሰው የክንዱ መደገፊያ ሆኑ።

አቀስታ ስንቃረብ ካሳው በድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። መንገዱ ላይ ግንድ አጋድመዋል አለ። ሰዎች እንዳሉም ነገረን።

የሸሹት ተጫዋቾች ቀድመውን ደርሰዋል። ሰይድን ሕዝብ መካከል ትተነው መጣን ብለው ነበር የተናገሩት። ከተማው ውስጥ ወሬው ሲዞር ሰይድን መካነ ሰላም ላይ ገደሉት ሆኗል። እኛ ደግሞ ከመካነ ሰላም የመጣን መኪና ነን። መኪናው ሲቆም ዙሪያውን ሞሉት። ጎኑን በዱላ መቱት፤ እያንዳንዱ ምት በተኛሁበት የበር እንጨት በኩል አንገቴ ድረስ ይመጣል። ነርሷ እባካችሁ በሽተኛ አለ ብላ ለመነች፤ የሰማት የለም። ካሳው እጁን ከመሪው ላይ ወደ ላይ እንዳነሣ በኋላ ነገረኝ።

ሰይድ ዞሮ መጮህ አይችልም። ፊቱን ከእኔ ሳያነሣ፣ ድምፁን ብቻ ከፍ አድርጎ ተናገረ።

“እኔ ሰይድ ነኝ። ደህና ነኝ። ወላሂ ደህና ነኝ። መኪናውን አትንኩት።”

በሩ ተከፈተ። አንዱ አስገድደውት ነው አለ። ሌላው የአጎቴን እግር ይዞ ወደ ውጭ ይጎትት ጀመር። አጎቴ የሰይድን ክርኖች እንደተሸከሙ ስለነበሩ ሲጎተቱ የሰይድ እጅ ተነቃነቀ፤ ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ያልተሰማኝ ሕመም ከአንገቴ ተነሥቶ እስከ አናቴ ወጣ። ጮህኩ። ጩኸቴ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ የሚጎትተው ሰው ለቀቀ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። በዓይኔ ጠርዝ ነጭ ጥምጥማቸው ታየኝ። የሰይድ አባት ሼህ ሙሄ እንደሆኑ ያወቅሁት ሰይድ “አባባ” ሲላቸው ነው።

“ልጄ፣ ውረድ” አሉት። ድምፃቸው ከልቅሶ የተነሣ ሰው ድምፅ ነበር። “ሞትክ ተብዬ ነው የመጣሁት። ውረድና ልይህ።”

“አባባ፣ አልወርድም። ብወርድ የዚህ ልጅ ደም በእጄ ነው።”

ሼህ ሙሄ ወደ አጎቴ ተመለከቱ። አጎቴ ወለሉ ላይ በደረታቸው እንደተኙ፣ ቀና ማለት ሳይችሉ መለሱላቸው።

“ሼህ፣ ልጅዎን ልመታው ከዘራ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የፈለጉትን ያድርጉኝ፣ እወርዳለሁ። እሱን ግን አያውርዱብኝ።”

ሼህ ሙሄ ወደ ጎረምሶቹ ዞረው የተናገሩትን በሙሉ አልሰማሁም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። የሰማሁት ግንዱ ሲጎተት ነው። ከዚያ ካሳው መኪናውን ሊያስነሣ ሲል ቆም አለና “እዩማ” አለ። እኔ ማየት ስለማልችል እሱ እያየ ነገረኝ። በዱላ ሲመቱን የነበሩት ልጆች ከመኪናው ፊት ፊት እየሄዱ የመንገዱን ድንጋይ በእጃቸው እየለቀሙ ወደ ዳር ይጥሉ ነበር። ከተማውን እስክንወጣ ድረስ መኪናው እንደ ሰው እግር በዝግታ ተከተላቸው። ሼህ ሙሄ ከካሳው አጠገብ ተቀምጠው እስከ ደሴ አብረውን ሄዱ፤ ጋቢያቸውን ግን ለልጃቸው ትከሻ ሰጥተውት ነበር።

ደጋው ላይ ስንወጣ ብርዱ ገባ። ሼህ ሙሄ ከፊት ዱአ ያደርጋሉ፤ አጎቴ ከታች የማርያምን ስም ይጠራሉ። ያን ጊዜ ነው በግራ እጄ አውራ ጣት ላይ የሆነ ነገር የተሰማኝ። በመጀመሪያ ሐሳብ መሰለኝ። ቆይቶ እንደ ሳማ ይለበልበኝ ጀመር።

“ሰይድ” አልኩት፤ “ጣቴ ይቃጠላል።”

“የትኛው?”

“የግራው አውራ ጣት።”

ግንባሬ ላይ የሆነ ሞቅ ያለ ነገር ጠብ አለ። ላብ መሰለኝ፤ ዓይኔን ወደ ላይ አንሥቼ ሳየው ልጁ ያለቅሳል።

ደሴ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የሆስፒታሉ ሰዎች ከበቡኝና አንዱ ሐኪም እጁን ከሰይድ እጅ ሥር እያስገባ “አሁን እኔ ይዤዋለሁ፣ ልቀቅ” አለው። ሰይድ አልለቀቀም። እምቢ ብሎ አይደለም፤ ጣቶቹ አልዘረጋ ብለውት ነው። አንድ በአንድ ከጭንቅላቴ ላይ አላቀቋቸው። የቀኝ እጁን ጓንት ሊያወልቁለት ሲሉ አላወልቅ አለ፤ በመቀስ ቀደዱት። የዚያ እጅ ትንሹ ጣትና ቀጥሎ ያለው ተሰብረው አብጠው ጠቁረዋል። ጠዋት ቡጢው ጭንቅላቴን ሲመታ ነው የተሰበሩት። አጎቴ ያንን ሲያዩ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ለምን አልተናገርክም ብለው ሲጠይቁት፣ ብናገር ሌላ ሰው እንዲይዘው ታደርጉ ነበር ብሎ እንደመለሰላቸው በኋላ ነግረውኛል።

የአንገቴ አጥንት ተሰብሯል፤ ውስጡ ያለው ሥር ግን ተጨፈለቀ እንጂ አልተቆረጠም። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ለብዙ ወራት በጀርባዬ ተኛሁ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ቁጭ ማለት፣ መቆም፣ መራመድ ተማርኩ። ዛሬ እሄዳለሁ። የግራ እጄ ደካማ ነው፤ ስሮጥ ቀኝ እግሬ ወደ ኋላ ይጎተታል። ባለኮፍያው ሰው የዚያን ቀን ጨዋታው ሲቋረጥ ተነሥቶ ሄደ አሉ፤ ከዚያ ወዲያም አልፈለገኝም። አልፈርድበትም። የመጣው ተጫዋች ሊያይ ነው፤ ተጫዋቹም ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ለመሞት የፈለግሁባቸው ሳምንታት ነበሩ። ከእነዚህ ሳምንታት በአንዱ አንድ ረጅም ልጅ እጁ በፋሻ እንደታሰረ ከአልጋዬ አጠገብ ቆመ። አላወቅሁትም። “አብሽር” ሲል ነው በድምፁ የለየሁት፤ ፊቱን ከቅርብ፣ ሳይገለበጥ አይቼው አላውቅማ። የሚያጽናናኝ ነገር ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ስለ ኳስ ጠየቀኝ። ቡድናችን በማዕዘን ምት ደጋግሞ ይቆጠርበታል፣ ምን እናድርግ አለኝ። ተናደድኩ። አንገቱን ማዞር የማይችል ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ማምሻውን ግን ጣሪያውን እያየሁ ሳለ ያ የማዕዘን ምት መጣብኝ። ሁሉም ተጫዋች የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደለቀቀ፣ ሰይድ ለምን ብቻውን ለመውጣት እንደተገደደ አየሁት። ሜዳ ውስጥ ሳለሁ እንደዚያ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የማየው ራሴን ነበር። በማግስቱ ሲመጣ ነገርኩት። እሱም ሄዶ ለቡድኑ ነገራቸው። በሌላ ጊዜ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ።

ትምህርቴን ዘግይቼ ጨረስኩና መምህር ሆኜ የተመደብኩት አቀስታ ነው። ሰይድ እዚያው ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ በተሰበሩት ጣቶቹ ምክንያት በረኛነቱን ትቷል። የአቀስታ ልጆች አሰልጥነን ሲሉኝ መካነ ሰላም ላይ ከዳን እንደሚሉኝ አውቄያለሁ፤ ብለውኛልም። አጎቴ ግን ልጄን ያተረፉትን ቢያሰለጥን ምን ነውር አለው ብለው በገበያ መካከል መልስ ሰጡልኝ።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር ሲተርፍ ምክር እንዲሰጥ ይጠበቃል። እኔ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ያን ቀን በሕይወቴ ትልቁን ውሳኔ ስወስን ጣቴን ማንሳት የማልችል ሰው ነበርኩ፤ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ራሴን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት ነው። ከዚያ በፊት ይህ የሽንፈት ስም ይመስለኝ ነበር። እናንተም ምናልባት አንድ ቀን ትወድቁ ይሆናል፤ ያኔ ማን እንደጮኸላችሁ ሳይሆን ማን እንዳልተነቃነቀ እዩ። የቀረውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

የአቀስታ ቡድን አሰልጣኝ ሆኜ መጀመሪያ ከመካነ ሰላም ጋር ስንጫወት መስመሩ ዳር ቆሜ ነበር። ተረብሼያለሁ፤ እግሬ ሜዳ ውስጥ ሊገባ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ቀስ ሲሉ እኔ በልቤ እሮጣለሁ። አንድ ጊዜ ኳሱ ከሜዳ ወጥቶ እየተንከባለለ መጣና ቀኝ እግሬ ሥር ቆመ። በዚያች ቅጽበት ሜዳውን በሙሉ አየሁት። የግራ አጥቂያችን ብቻውን ቆሟል፤ አንድ ረጅም ኳስ፣ ከተከላካዮቹ ጀርባ፣ ልክ ከፊቱ የሚያርፍ። እግሬ ያውቀዋል። ጎንበስ ብዬ በደህናው እጄ ኳሱን አነሣሁትና ሊወረውር ለመጣው ተከላካያችን ሰጠሁት።

“ግራህን እይ” አልኩት።

አየ።